ክሊኒካል አንድ ላይ ሆኖ ምርምር መጀመር ተገቢ ነው?

የአዘዞዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር የምማር የሕክምና ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ክሊኒካል አንድን፣ ማለትም ዋርድ ገብተን ሕመምተኛ እያየን የምንማርበትን የመጀመሪያ ዓመት፣ ጀምሬ አሁን በውስጥ ደዌ ዋርድ እገኛለሁ። ከሌላ ከተማ የመጡ አንድ ተመራማሪ በካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ የቆላ በሽታ) ሕሙማን ካርዶች ላይ ለሚያካሂዱት ጥናት መረጃ የሚያወጡላቸው ተማሪዎች እንደሚፈልጉ ገልጸው ከባቻችን ጥቂቶቻችንን ጠይቀዋል። ሥራው የቆዩ ካርዶችን እያወጡ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ መሙላት ሲሆን፣ የሚሠራውም ማታ ማታና ቅዳሜ ነው።

ለመወሰን የተቸገርሁት በዙሪያዬ ካሉ ሰዎች የማገኘው ምክር ፈጽሞ የማይገናኝ ስለሆነ ነው። የዶርም ጓደኞቼ ለስፔሻሊቲም ሆነ ወደ ውጭ ለመሄድ የታተመ ጽሑፍ የሌለው ሰው ወደ ኋላ ይቀራል ይላሉ። አብሮን የሚሠራ አንድ ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) ግን «የልብ ድምፅ መለየት አሁን ካልተማርሽ መቼ ልትማሪ ነው?» ብሎኛል። አባቴ መምህር ናቸው፤ ነገሩን በስልክ ሳስረዳቸው «መጀመሪያ ሐኪም ሁኚ» ከማለት ሌላ አልጨመሩም። እኔ ራሴ ጉዳዩ ያጓጓኛል፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርደው፣ ታመውና ከስተው የተመለሱ የእኔው እኩያ ወጣቶችን በዋርዱ አያለሁና። ሆኖም ማታ ካርድ ስሞላ ባመሸሁ ቁጥር የሚቀርብኝ ንባብ እንዳለ አውቃለሁ።

ስለዚህ በጥናቱ መሳተፌ ለሕክምና ትምህርቴ በእርግጥ የሚጨምረው ነገር ካለ፣ እሺ ከማለቴ በፊትም ማረጋገጥ የሚገባኝ ምን እንደሆነ፣ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ሬዚደንቱ (ውስጥ ደዌ)፦

ሰላም እኅቴ። እኔ ግቢበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቴ ግን የዶርም ጓደኞችሽ ከሚሉት የተለየ ነው።

የካርድ ጥናት ከሩቅ ሲያዩት አሰልቺ የጽሕፈት ሥራ ይመስላል። ቁጭ ብሎ ለሠራው ሰው ግን ስለ ሕመምተኛ ታሪክ አጻጻፍ ከብዙ ሌክቸር የበለጠ ያስተምራል። የአንድ የካላ አዛር ሕመምተኛ ካርድ ስትከፍቺ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የሆድ ማበጥ ተጽፎ ታገኛለሽ፤ ቀጥሎ ጣፊያው ከግራ ጎድን አጥንት በታች ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ የሚያሳይ ቁጥር ሊኖር ይገባል። አንዱ ሐኪም በሜትር ለክቶ ይጽፈዋል፤ ሌላው «ጣፊያው ትልቅ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሦስተኛው ስለ ጣፊያው ምንም ያለው ነገር የለም። የላቦራቶሪው ውጤት በስቴፕለር በተያያዘ ብጣሽ ወረቀት ላይ ስለሚሆን ወረቀቱ ከወደቀ ውጤቱም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ የክብደት ቦታው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ በዚህ በሽታ መርፌው የሚታዘዘው በኪሎ ግራም እየተሰላ ነውና፣ ክብደቱ ካልተጻፈ መጠኑ በምን ተሰልቶ እንደታዘዘ መገመት እንኳ ያዳግታል። ይህን ባዶ ቦታ ደጋግሞ ያየ ተማሪ የራሱን ሕመምተኛ ሳይመዝን ታሪክ አይጽፍም። እንዲህ ያለው ልማድ ደግሞ ከክሊኒካል ትምህርቱ የሚቀንስብሽ ነገር የለም።

ምርምር ለሕመምተኛው ምን ያመጣል የሚለውንም አንቺ ካለሽበት ዋርድ ሳትወጪ ማየት ትችያለሽ። የካላ አዛር ሕክምና በምሥራቅ አፍሪካ ለረጅም ጊዜ 30 ቀን ሙሉ በየቀኑ የሚወጋ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነበር። በሱዳን፣ በኬንያና በኢትዮጵያ በተካሄደውና ከሀገራችን ጎንደርና አርባ ምንጭ በተሳተፉበት የመድኃኒት ሙከራ፣ ይኸው መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ 17 ቀን እንደሚበቃ ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ጥምሩን ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። ኤችአይቪም ላለባቸው ሕሙማን አምቢዞምንና ሚልቴፎሲንን አጣምሮ መስጠት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲመከር ከማስረጃዎቹ አንዱ በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደ ጥናት ነው። የቀን ሠራተኛ ለሆነ ሰው 13 ቀን ቀድሞ ከአልጋ መነሣት ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ መንገር አያስፈልግም። እርግጥ ነው፣ የካርድ ጥናት ከእንዲህ ያለው ሙከራ ጋር አይወዳደርም፤ ሕክምና አይቀይርም፤ ቢሳካለት በሚቀጥለው ጥናት መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ያሳያል።

እሺ ከማለትሽ በፊት ፕሮፖዛሉን፣ ማለትም የጥናቱን ዕቅድ፣ ጠይቀሽ አንብቢው። አንብበሽ የጥናቱ ጥያቄ ምን እንደሆነ ለአንድ ጓደኛሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ካቃተሽ፣ ወይ ፕሮፖዛሉ አልበሰለም ወይ አንቺ ገና ማንበብ አለብሽ፤ በሁለቱም መንገድ ቅጽ ለመሙላት ጊዜው አይደለም። በፈተናና በዲዩቲ ሰሞን እንደማትመጪ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ተናገሪ፤ ኋላ መናገር ያስቀያይማል።

የወረዳ ሐኪም፦

ሬዚደንቱ ወንድማችን ያለው አብዛኛው እውነት ነው። ይሁን እንጂ በወረዳ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለሚሠራ ሰው ነገሩ ሌላ መልክ ስላለው፣ እኔ ኢንተርኑ የነገረሽን እደግፋለሁ።

ተመርቀሽ ስትመደቢ፣ ሲኒየር በሌለበት ሌሊት፣ ምጥ የጠናባት እናትና መተንፈስ ያቃተው ሕፃን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊመጡብሽ ይችላሉ። በዚያን ሰዓት የሚያስፈልግሽ እጅሽና ጆሮሽ የለመደው ነገር ነው። ክሊኒካል አንድ ደግሞ እጅ የሚፈታበት ዓመት ነው፤ በራውንድ ላይ የተባለውን ማታ ተመልሰሽ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆመሽ ካልደገምሽው በማግስቱ ሌላ ነገር ይመጣና ያ ያልፍሻል። ካርድ ክፍሉ ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው አለ፤ ሳንባው ውኃ የቋጠረ ሕመምተኛሽ ግን ሐሙስ ቀን ይወጣል።

ደግሞም ስለ ምርምራችን ጥራት በግልጽ እንነጋገር። በሀገራችን ከሚታተመው ውስጥ ርዕሱ «የዚህ በሽታ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች በእንዲህ ያለ ከተማ» የሚል፣ የናሙናው መጠን 422 ወይም 423 የሆነ ጽሑፍ ስንቱ ነው? ከተማውና በሽታው ይቀያየራል፤ ቁጥሩ ግን እንደ ርስት ከባች ወደ ባች ይተላለፋል። የማጠቃለያው ምክርም «ለኅብረተሰቡ የጤና ትምህርት ቢሰጥ» ከሚል ብዙ ጊዜ አይዘልም። ወረዳ ላይ ሆኜ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንብቤ አሠራሬን የለወጥሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ድካም ዋጋ ነው። ተማሪ ሳለሁ፣ ተቋሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ አንድ ክረምት ሙሉ መጠይቅ ይዤ በጭቃ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ጽሑፉ ሲታተም እኔን የሚመለከተው «መረጃ ሰብሳቢዎችን እናመሰግናለን» የሚለው ሐረግ ብቻ ነበር፤ ጽሑፉ መታተሙንም የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚያስቡ ጓደኞችሽ፣ የዩኤስኤምኤልኢ (የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና) የመጀመሪያው ስቴፕ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ነጥቡ ቀርቶ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሚባልበት፣ አመልካቹ ራሱን የሚለይበትን ነገር በምርምር መፈለጉ እንደጨመረ ሊነግሩሽ ይችላሉ። ያ የራሱ ስሌት ነው፤ ስሌቱ የአንቺ ካልሆነ ግን አትበደሪው። እኔ ብሆን ክሊኒካል ሁለትን እስክጨርስ እቆይ ነበር።

የኅብረተሰብ ጤና መምህርት፦

ልጄ፣ ሁለቱም የተናገሩት ከልምድ የመነጨ ስለሆነ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መጣል ይከብዳል። ዶክተር ስለ 422 የጻፉትን ሳነብ ግን ብቻዬን ሳቅሁ፤ ፕሮፖዛል ስገመግም ዓመቱን ሙሉ የማየው ቁጥር ነውና። ጓደኞችሽ ከየት መጣ ብለው ቢጠይቁሽ እንድታውቂው ያህል፦ ስርጭቱ 50 በመቶ ነው ብለው ተነሥተው፣ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን ሲያሰሉ 384 ይመጣል፤ በዚያ ላይ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 422 ይሆናል። 50 በመቶ የሚወሰደው ቀደም ያለ ጥናት ሲጠፋ ትልቁን ናሙና ስለሚሰጥ ነው እንጂ ነውር ኖሮበት አይደለም። የሚያሳፍረው ተማሪው ምን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ ስንት ሰው እንደሚጠይቅ ማወቁ ነው።

ዶክተር፣ የመግለጽ ጥናትን፣ ማለትም ያለውን ቆጥሮና ገልጾ የሚያስቀምጠውን፣ በጅምላ መናቅዎን ግን አልቀበልም። ፓውል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. በ1869 በቆሽት ውስጥ ያሉትን የሕዋሳት ደሴቶች ሲገልጽ በርሊን ውስጥ የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ሥራቸው ምን እንደሆነም እንደማያውቅ ሳያፍር ጽፏል። ደሴቶቹ የሚያመነጩት ኢንሱሊን የተገኘው ከዚያ 52 ዓመት ቆይቶ ነው። አንድ ተማሪ ያየውን በትክክል ቆጥሮና ገልጾ ቢያስቀምጥ፣ ያላየውንም እንዳላየ ቢናገር፣ ለእኔ በቂ ነው።

በጎንደር ለሚማር ሰው ደግሞ ዋርድና ምርምር እንደሚባለው የተራራቁ አይደሉም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁና ማሠልጠኛው እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው ከዓመት በፊት በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካስከተለው ድንጋጤ በኋላ ነው። ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች በቡድን ይሠለጥኑ ነበር፤ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በጊዜው ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ማለትም እዚህ ቤት ለቤት መቁጠር ከስቴቶስኮፑ ይቀድማል። ዛሬ ቲቲፒ ብላችሁ የምትወጡበት የቡድን ሥልጠና የዚያው አስተሳሰብ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የዳባት የምርምር ማዕከልም ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየቤቱ ይከታተላል። ቲቲፒ ላይ ስትወጪ የኅብረተሰቡን ችግር ለይታችሁ፣ መጠይቅ አዘጋጅታችሁ፣ ተንትናችሁ ማቅረባችሁ አይቀርም። ስለዚህ ምርምር ልግባ ወይስ ልተው የሚለው ለአንቺ ብዙም አማራጭ የለውም፤ መወሰን ያለብሽ በየትኛው ወቅት፣ በማን ሥር፣ በምን ድርሻ እንደምትገቢ ነው።

ስለ ድርሻ ካነሣን፣ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል፦ በንድፉ፣ ወይም በመረጃው መሰብሰብ፣ ትንተና ወይም ትርጓሜ ላይ ጉልህ አስተዋፅኦ ማድረግ፤ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም ይዘቱን በጥልቀት መመርመር፤ የሚታተመውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው በሙሉ ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። ካርድ መሙላት ብቻውን ደራሲ አያደርግሽም፤ ይህን አምኖ መግባት ኋላ ከመከፋት ያድናል። ነገር ግን ይኸው መመሪያ የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላ ሰው በማርቀቁ፣ በመመርመሩና በማጽደቁ እንዲሳተፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። የዶክተር ቅሬታ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ በሩ ተከፍቶላቸው አያውቅም። አንቺ ከመጀመሪያው «በትንተናውና በረቂቁ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ይቻላል?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ይጠቅምሻል፤ በመተላለፊያ ላይ ቆሞ የተሰጠ ተስፋ ግን ይረሳል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ስምሽ አንድ ቦታ ከወጣ በኋላ «ጽሑፍዎን በአምስት ቀን እናትማለን፣ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ» የሚሉ ኢሜይሎች መጉረፍ ይጀምራሉ። አጥፊያቸው። ደህና መጽሔት ገምጋሚ ፈልጎ፣ አስተያየት ሰብስቦ፣ አርሞ እስኪመልስ ወራት ይወስዳል። ብዙ ታዋቂ አሳታሚዎችም ከዝቅተኛ ገቢ ሀገሮች ለሚላክ ጽሑፍ ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። ለማንበብ ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የሚቀርበው፣ የሕክምና መጽሔቶችን በኢንተርኔት የሚያስነብበው ሂናሪ አለ፤ የመግቢያ ቁልፉን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቹን ጠይቂ። ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት በካላ አዛር ላይ ሦስት ጥሩ ጽሑፎች ከመግቢያ እስከ መደምደሚያ ብታነቢ፣ ለዋርዱም ለጥናቱም ሁለት ጊዜ የሚያገለግል ጊዜ ነው።

የአዘዞዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባልሁት ፕሮፖዛሉን ጠይቄ ተልኮልኝ አንብቤዋለሁ። ጥያቄው በሕክምና ላይ እያሉ ያረፉ ሕሙማን ሲገቡ ከሌሎቹ በምን ይለዩ ነበር የሚል ስለሆነ፣ ለጓደኛዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር አላቃተኝም። ስለ ረቂቁም ጠይቄ «ትንተናው ላይ ተቀመጪ፣ ዘዴውን የሚገልጸውን ክፍል አብረን እንጽፋለን» የሚል መልስ በኢሜይል መጥቶልኛል።

አሁን የገጠመኝ ሌላ ጉዳይ ነው። የሥነ ምግባር ማመልከቻው ለገምጋሚ ኮሚቴው ገብቷል፤ ውሳኔው ግን ገና ነው። እስከዚያው ቅጹ ይሠራ እንደሆነ በጥቂት ካርዶች ላይ ብንሞክረው የሚል ሐሳብ ከተማሪዎቹ መካከል ቀርቧል። ስም አንጽፍም፤ ሕመምተኛም አናነጋግርም። እንዲህ ሆኖ ችግር ይኖረዋል?

የኅብረተሰብ ጤና መምህርት፦

አዎ፣ ይኖረዋል፤ ከመነሻው በማንሣትሽም ደስ ብሎኛል። በቆየ ካርድ ላይ የሚሠራ ጥናት ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ ፈቃድ ሳይጠየቅ እንዲካሄድ ኮሚቴው ሊፈቅድ ይችላል፤ ሆኖም ያን መፍቀድ የኮሚቴው ሥልጣን እንጂ የተመራማሪው ወይም የተማሪው አይደለም። ቅጽ መሞከርም የጥናቱ አካል ስለሆነ ከፈቃዱ በኋላ ይደረጋል። ስም አለመጻፍም እንደሚመስለው አይሸፍንም፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ወረዳና የገባበት ቀን አንድ ላይ ከተጻፉ ከአንዲት ትንሽ ቀበሌ የመጣን ሰው ለመለየት ይበቃሉ። በዋርድ ለምትከታተዪው ሕመምተኛ ካርዱን ማንበብሽ ለሕክምናው ነው፤ ለጥናት ሲሆን በሩ ሌላ ነው። መጽሔቶችም የፈቃዱን ቁጥርና ቀን ስለሚጠይቁ፣ ከቀኑ በፊት የተሰበሰበ መረጃ ቢገኝ ሥራው በሙሉ ይበላሻል።

ሬዚደንቱ (ውስጥ ደዌ)፦

እስማማለሁ። እስከዚያው ቅጹን በባዶው ልትሠሩበት ትችላላችሁ። አንዳችሁ የፈጠራ ሕመምተኛ ታሪክ ጻፉ፤ ሆን ብላችሁ ክብደቱን ዝለሉት፣ ጣፊያውን «ትልቅ» በሉት፣ ከሁለቱ የሄሞግሎቢን ውጤቶች አንዱን ቀን አትጻፉበት። ከዚያ ሦስት ሰው ለየብቻ ይሙላውና መልሳችሁን አስተያዩ። የማትግባቡበት ቦታ ሁሉ መመሪያው ያልተሟላበት ቦታ ነው። የማንንም ካርድ ሳትነኩ አብዛኛውን ችግር በዚህ ታወጡታላችሁ። ውሳኔው ቢዘገይ ደግሞ የውስጥ ደዌ ፈተናሽ በመሐል ያልፍልሻል።

የወረዳ ሐኪም፦

ለትንተናው መቀመጥ ከተፈቀደልሽ የእኔ ተቃውሞ ግማሹ ወድቋል፤ ሌላው ግማሽ በራውንድ ላይ በምትገኚው ሁኔታ ይወሰናል። ቅጹን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ጨምሩበት። ከካላ አዛር አካባቢ የሚላኩላችሁ ብዙ ሕሙማን መጀመሪያ የሚታዩት በእኛ ዓይነት ሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ ነው፤ ሪፈር ወረቀቱም ካርዱ ውስጥ ተጣጥፎ ይገኛል። እዚያ ላይ ትኩሳቱ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ለወባ ታክሞ እንደነበር፣ እኛ ዘንድ ስንት ቀን እንደቆየ ተጽፏል። ያረፉት ሰዎች ሲገቡ በምን ይለዩ እንደነበር ከፈለጋችሁ፣ ወደ እናንተ ለመድረስ የፈጀባቸው ጊዜ ሳይመዘገብ አይቅር። ፕሮፖዛሉ ውስጥ ከሌለ ኮሚቴው ሳይወስን አሁን አስገቡት፤ ኋላ ለመጨመር የማሻሻያ ማመልከቻ ይጠይቃል። የምንጽፈው ሪፈር ካልተነበበላችሁም ንገሩኝ፤ እዚህ ያሉትን ባልደረቦቼን በጉልህ እንዲጽፉ አነጋግራቸዋለሁ።